ጳጉሜ ላይ ደረሰኝ ይዞ መዞር

አምና ጳጉሜ 3 ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ዝናብ እየወረደብን ሱቅ ለሱቅ ስንዞር ዋልን። የደረሰኝ ጥራዙን በላስቲክ ጠቅልለነዋል። የምሠራው በበጎ ፈቃድ ነው፤ ማኅበራችን ትንሽ ናት፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ትገዛለች። የዓመት መዝጊያ የገቢ ማሰባሰቢያችን እንግዲህ ይኸው ነበር።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሻይ አዘዙልን። ከዚያ "ልጄ፣ ባለፈውም ዓመት ሰጥቻለሁ" አሉኝ። "ደብተሩ ለማን ደረሰ? መጥቶ የነገረኝ ሰው አለ?"

አፈርኩ። መልስ አልነበረኝም። ሃምሳ ብር ሰጥተው ሸኙን።

እስቲ ጳጉሜን በሰጪው ኪስ በኩል እንየው። የነሐሴ ደመወዝ ገብቷል፣ ግን ገና ሳይነካ አልቋል። ዶሮ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ሽንኩርት አለ። የራሱ ልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ። አገር ቤት ላሉ እናት የሚላክ አለ። እኛ የምንደርሰው ይሄ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው።

ስህተታችን ዓመቱ ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎን ነው።

ለብዙ ድርጅቶች የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው። ሥራ አስኪያጁ እጁ ላይ የሚተርፍ በጀት ካለ የሚያውቀው ግንቦት አካባቢ ነው። ጳጉሜ ላይ ደብዳቤ ብታስገቡ "የዘንድሮው ገና አልተደለደለም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሐምሌ ደግሞ ትንንሽ ነጋዴዎች በግብር የሚጨነቁበት ወር ስለሆነ ያኔ ደጃቸውን ባታንኳኩ ይሻላል።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ሌላ አቆጣጠር አላቸው። አሜሪካ ያለ ሰው ስጦታው በዚያው ዓመት የግብር ሂሳብ እንዲያዝለት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ መስጠት አለበት። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ብዙ ማኅበር የማያስተውለው ነገር ግን አለ፤ የግብር ቅናሹ የሚገኘው እዚያው አገር ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ነው። በቀጥታ ሐዋሳ ባለ አካውንት ቢያስገባ አይታሰብለትም። እዚያ አጋር ካላችሁ ንግግሩ መስከረም ላይ መጀመር አለበት።

ደግሞ ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። ለውጭ ሰጪዎችም እስከ ዲሴምበር 31 የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግታችሁ ለምኑ ማለቴ አይደለም፣ እሱስ ሞልቷል። እንግዳውን ቀድማችሁ ቀጥሩትና ልጆቹን ያግኝ፣ ሥራችሁን በዓይኑ ይይ ነው የምለው። እኛ ግን ታኅሣሥ ላይ የለንም። የጳጉሜው ድካም አልወጣልንም።

ለደመወዝተኛው ደግሞ ከአንድ ትልቅ ዘመቻ ይልቅ በየወሩ ትንሽ ይሻላል። ዕቁብና ዕድር የለመደ ሕዝብ ነው። በወር 100 ብር በቴሌብር ለመላክ ብዙም አያስብም። ጳጉሜ ላይ በአንዴ 1,200 ብር ስትጠይቁት ግን "እስቲ እናያለን" ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

"ብሩ ለእናንተ ደመወዝ ነው የሚውለው" የሚል ሰውም ያጋጥማችኋል። አትቆጡ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የራሳችሁን ቁጥር በወረቀት ይዛችሁ ሂዱና አሳዩት። ወረቀቱን ማሳየት ካስፈራችሁ ችግሩ ከሰውየው አይደለም።

ጳጉሜስ? ለምስጋና ይሁን። አምስቱን ቀን እየደወላችሁ "እንኳን አደረሳችሁ፣ በሰጣችሁን ይሄን አድርገናል" በሉ። ምንም አትጠይቁ።

እኔ ዘንድሮ ግንቦት ላይ እኚያ ነጋዴ ጋ ተመለስኩ። የደረሰኝ ጥራዙን ቢሮ ትቼ ነው የሄድኩት። ስንት ደርዘን ደብተርና ስንት ዩኒፎርም እንደተገዛ፣ በስንት ብር፣ ከማን፣ ሁሉም ያለበትን ዝርዝር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"እዚህ ጋ ተሸውዳችኋል" አሉ። "ዘንድሮ ጨርቁን ከእኔ ውሰዱ፣ በመጣበት ዋጋ።"