ላይብረሪው ቢያረጅም ስህተቱን የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ

ባለፈው ሳምንት አክስቴ የቁጠባና ብድር ማኅበሯ አፕ ላይ ብድሯን ልታይ ብትገባ የመጨረሻ ክፍያሽ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነበር ይላታል፣ ከ50 ዓመት በላይ አሳልፈሻል ተብሎ ቅጣቱ ከተበደረችው ብር በልጦ ቁጭ ብሏል። ውሏ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ነው። ሌሎች አባላትም ሲጮሁ አፑን የሠራው ድርጅት ቴሌግራም ላይ መልስ ሰጠ፣ ችግሩ የሶስተኛ ወገን ላይብረሪ (ሌላ ሰው ጽፎ የለቀቀው፣ አፕ ውስጥ የሚሰካ ዝግጁ ኮድ) አሮጌ ስለሆነ ነው እንጂ ከኛ አይደለም አለ። ይቺን "ከኛ አይደለም" ነው ማለፍ ያቃተኝ።

ላይብረሪውን መርጦ ያስገባው ማነው ታዲያ? እነዚህ ነጻ ላይብረሪዎች እኮ ፈቃዳቸው ላይ እንዳለ ውሰደው፣ ዋስትና የለውም ተብሎ በግልጽ ተጽፎባቸዋል። ጽፎ የለቀቀው ሰው ለማንም ዕዳ የለበትም፣ ከማኅበሩ ብር የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ።

ደግሞ ዋናው ጥፋት ማርጀቱም አይደለም። አፑን የሠራው ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ ልጅ ነገሩን አስረዳኝ። ላይብረሪው ጳጉሜን ሁሌ 5 ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ በዘመነ ሉቃስ 6 እንደምትሆን አያውቅም፣ ስለዚህ ጳጉሜ 6 ሲሰጡት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ኤረር ያወጣል። ልብ በሉ፣ ላይብረሪው ዝም አላለም፣ ተናግሯል! ዴቨሎፐሩ ነው ትራይ ካች ውስጥ (ኮዱ ሞክር፣ ኤረር ከመጣ ካቹ ይያዘው የሚባልበት ቦታ) ከቶ ካቹን ባዶ ትቶ ዜሮ እንዲመልስ ያደረገው። ብዙ የኮምፒውተር ሲስተም ቀንን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስለሆነ ዜሮ ማለት ያ ቀን ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ማለት ነው። ያ ቀን ዳታቤዝ ገባ፣ ቅጣት የሚያሰላው ክፍል አገኘው፣ ቆጠረ፣ ለአክስቴ ላከላት፣ በመሃል አንድ ቦታ ላይ እንኳን ቆይ ይሄ ነገር ልክ አይደለም የሚል የለም፣ ሎግ (አፑ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ የተጻፈ አንድ መስመር የለም። አፑ እዛው ቆሞ ቀኑን ማስላት አልቻልኩም፣ ቢሮ ጠይቁ ቢላት ትበሳጭ ነበር እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አታድርም ነበር። ባዶ ካች ማለት ጭስ አየሁ ብሎ የሚጮህ ዘበኛን አፉን ይዞ ማስተኛት ነው፣ እሳቱ ግን አይተኛም።

ከመልሱ ሥር አንዱ ገብቶ የውጭዎቹ ግዙፍ ድርጅቶችም በአሮጌ ላይብረሪ ነው የሚሠሩት ብሎ ተከራከረላቸው። አዎ፣ የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዘው የአሜሪካው ኢኩዌፋክስም እንደዛ ነበር። የሚጠቀሙበት አፓቼ ስትረትስ የሚባል የዌብሳይት መሥሪያ ኮድ የደህንነት ማስተካከያው ማርች 2017 ወጣ፣ አልጫኑትም፣ ሜይ ላይ ሰርጎ ገቦች ገቡባቸው፣ ወደ 147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ተወሰደ። በኔትወርካቸው የሚያልፈውን መረጃ የሚፈትሸው መሣሪያ ራሱ ዲጂታል ሰርተፍኬቱ ጊዜው ስላለፈበት አይሠራም ነበር፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ ሲታደስ ነው አጠራጣሪው ነገር ወዲያው የታየው። እዛም የጎዳቸው ዝምታው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሪቻርድ ስሚዝ ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን ወደ አንድ ሠራተኛ ገፋው፣ ድርጅቱ ግን በፈረንጆቹ 2019 ቢያንስ 575 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እና ይሄ ነው መከራከሪያችሁ?

አፕዴት ሲያደርጉ ሌላ ነገር እንደሚሰበር አውቃለሁ፣ እኔም ደርሶብኛል። ካልቻላችሁ አታድሱት፣ ግን የሚያወጣውን ኤረር መዝግቡት፣ ለሚመለከተው ሰው ይድረስ፣ ገንዘብ የሚነካ ከሆነ ሥራው እዛው ይቁም። ጳጉሜ 6ን ቴስት ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ 2015 ላይም ነበረች እኮ፣ ድንገት የመጣች ቀን አይደለችም።

ሰኞ አክስቴን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ዋናውን ውል አምጡ አሉን፣ ሰጠናቸው። የቢሮው ልጅ ውሉን እያየ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ብሎ በእጁ አስገባ፣ ሴቭ አደረገ፣ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ይላል።