ጓዝ ጠቅልሎ ፈቃድ መጠየቅ

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ከፈረሰች በኋላ በምድሪቱ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ወደ ነቢዩ ኤርምያስ ቀርበው ያቀረቡት ልመና ለጆሮ ያማረ ነበር። የምንሄድበትን መንገድና የምናደርገውን ነገር አምላክህ እግዚአብሔር ይንገረን አሉት። ይህም አልበቃቸው ብሎ፣ መልሱ ቢጥመንም ባይጥመንም እንታዘዛለን ሲሉ እግዚአብሔርን ምስክር ጠሩ። መልሱ ከ10 ቀን በኋላ መጣ፦ በዚህች ምድር ብትቀመጡ እተክላችኋለሁ፤ ወደ ግብፅ ብትወርዱ ግን የፈራችሁት ሰይፍና ራብ እዚያው ተከትሎ ያገኛችኋል። ይህን ሲሰሙ የቃሬያ ልጅ ዮሐናንና ጓደኞቹ ኤርምያስን ውሸታም አሉት፤ ጸሐፊው ባሮክ ነው እንዲህ እንድትል ያነሣሣህ ብለውም ከሰሱት። ከዚያም ወደ ግብፅ ወረዱ፤ ነቢዩንም አብረው ይዘውት ሄዱ።

ነገሩ የሚገባን ከልመናው በፊት የተጻፈችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልብ ስንል ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 41 መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ከለዳውያንን፣ ማለትም ባቢሎናውያንን፣ ፈርተው ወደ ግብፅ ለመሄድ እንደ ተነሡና በቤተ ልሔም አጠገብ እንደ ሰፈሩ ተጽፏል። ወደ ነቢዩ የመጡት ጓዛቸውን ጠቅልለው፣ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነበር። የፈለጉት ምሪት አልነበረም፤ «መልካም ጉዞ» የሚል ምርቃት ነበር።

ዛሬም «የጌታን ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው» የሚለውን ሰው ጠጋ ብሎ ላየው ሁኔታው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰውየው አዲሱን የሥራ ውል ፈርሟል። ለቀድሞው መሥሪያ ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቷል። ለቤተሰቡ አስታውቋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጾም ይይዛል፤ ወዳጆቹንም «ጸልዩልኝ» ይላል። «ጌታ አይሆንም ቢልህስ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ፊቱ ይለዋወጣል፤ ጥያቄው የእምነት ማነስ፣ አንዳንዴም ምቀኝነት መስሎ ይታየዋል።

እንዲህ ያለውን ሰው ግብዝ ብዬ ልፈርድበት አልፈልግም። ፈርቷል። ነገ የሚሆነውን አያውቅም፤ ነገሩ ቢበላሽ ደግሞ «በገዛ እጄ ነው» ማለትን አይችለውም። እግዚአብሔር ራሱ ቢፈርምለት ግን ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም። ከአማኞች ጋር ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ስደት፣ ስለ አገልግሎት ጥሪ ስነጋገር የደረስሁበት ይኸው ነው፦ በምሪት ስም አብዛኛውን ጊዜ የምንፈልገው ከኃላፊነት መገላገልን ነው። ከጓዝ ጠቅላዩ በተቃራኒ ያለውና ለዓመታት ምንም የማይወስነው ወንድምም ያው ሕመም ነው ያለበት። የምትጠብቀው እጮኛ አለች፤ እርሱ ግን «ገና መልስ አልመጣልኝም» ይላል። መልስ እስኪመጣለት ድረስ የሚያልፈው የእርሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም።

ይህ ፍርሃት ምልክት ፍለጋ ይሰደናል። ከምልክቶቹ ሁሉ በብዛት የምንሰማቸው ሁለቱ «በልቤ ሰላም አለኝ» እና «በሩ ተከፍቷል» የሚሉት ናቸው። ሁለቱንም ጨርሶ መናቅ አይገባም፤ ግን ዮናስን እናስታውስ። ወደ ነነዌ ሂድ ተብሎ ወደ ተርሴስ ሲኮበልል ኢዮጴ ወደብ ላይ የሚሄድበት መርከብ ተዘጋጅቶ አገኘ። የጉዞውንም ዋጋ ከፈለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። ማዕበሉ ተነሥቶ መርከበኞቹ እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው ሲጮኹ ደግሞ እርሱ ከመርከቡ ታችኛ ክፍል ወርዶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ሰላም ከተባለ ከዚህ የበለጠ ሰላም ወዴት ይገኛል? በአንጻሩ ጌታ ኢየሱስ በጌቴሴማኒ በአባቱ ፈቃድ መካከል ሆኖ ሳለ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ነበር፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ እንደ ነበር ሉቃስ ጽፏል።

የሐዋርያው ጳውሎስ ነገር ደግሞ ሁለቱን ምልክቶች እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ወደ ጢሮአዳ በመጣ ጊዜ ለወንጌል ሥራ በጌታ በር ተከፍቶለት እንደ ነበር ይናገራል። ነገር ግን ወንድሙን ቲቶን ስላላገኘው መንፈሱ አላረፈም፤ ሕዝቡን ተሰናብቶ ወደ መቄዶንያ ሄደ። የተከፈተ በር ትቶ! ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቶ ነበር? ጳውሎስ እዚህ ላይ ራሱን አይከስም፣ ጥብቅናም አይቆምም፤ ወደ ምስጋና ያልፋል። እኛ ብንሆን ኖሮ ስለዚያ በር ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባጣን ነበር።

ምልክት ያላረካው ሰው ዕጣ ይጥላል፤ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ዓይኑ ባረፈበት ጥቅስ ይወስናል። ልማዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ506 በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ በአግድ ከተማ የተሰበሰበው ሲኖዶስ በቅዱሳት መጻሕፍት ዕድል መጠንቆልን አውግዟል። አውግስጢኖስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ386 ሚላኖ ውስጥ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ባነበበው ቃል ሕይወቱ የተለወጠ ሰው ነበር፤ ሆኖም በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ሰዎች ለዓለማዊ ጉዳያቸው ወንጌልን እንደ ዕጣ መግለጣቸው ደስ እንደማያሰኘው ተናግሯል። እርሱን ያገኘው ቃል ኃጢአቱን እንዲተው ያዘዘው ነበር፤ የትኛውን ሥራ ልያዝ ለሚል ጥያቄ የመጣ መልስ አልነበረም።

በዚህ ረገድ የጆን ዌስሊን ታሪክ ያህል አስተማሪ የለም። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው ይህ ሰው በወጣትነቱ በሰሜን አሜሪካ፣ በጆርጂያ ቅኝ ግዛት በሳቫና ከተማ ሲያገለግል ሶፊያ ሆፕኪ የምትባል ልጅ ወደደ። ያግባት አያግባት ቆርጦ መወሰን አቃተው። እ.ኤ.አ. በ1737 በመጋቢት ወር ከወዳጁ ጋር ጸልየው ሦስት ዕጣ አዘጋጁ፦ «አግባ»፣ «በዚህ ዓመት አታስበው»፣ «ከእንግዲህ ጨርሶ አታስበው»። የወጣው ሦስተኛው ነበር። ዌስሊ «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ ተቀበለ። ሶፊያ ግን በዚያው ወር ሌላ ሰው አገባች። ከጥቂት ወራት በኋላ ዌስሊ ቅዱስ ቁርባን ከለከላት፤ ባልዋ ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ዌስሊ ቅኝ ግዛቱን ጥሎ ወደ እንግሊዝ ለመመለስ ተነሣ። ዕጣው ጉዳዩን ዘጋው እንጂ ልቡን አላሳረፈውም። ቁጭ ብሎ «እወዳታለሁ ወይስ አልወዳትም? ላገባት ምን ያስፈራኛል?» ብሎ ሊመልሰው የሚገባውን ጥያቄ ቁራጭ ወረቀት መለሰለት።

ዛሬ ብዙዎች ዕጣውን ትተው ነቢይ ጋ ይሄዳሉ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ነቢዩ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የገዛ እጁንና እግሩን አስሮ፣ የዚህ መታጠቂያ ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲህ ይታሰራል አለ። ይህ የሆነው በቂሣርያ፣ ትንቢት የሚናገሩ አራት ደናግል ልጆች ባሉት በወንጌላዊው በፊልጶስ ቤት ነው። ከዚህ የበለጠ ነቢያት የተሰበሰቡበት ቤት አይገኝም። ሆኖም አጋቦስ የሚሆነውን ተናገረ እንጂ ጳውሎስን አትሂድ አላለውም። እያለቀሱ አትሂድ ያሉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ጳውሎስ ሁሉንም ሰማ፣ ልቡም ተሰበረ፣ ከዚያ በገዛ አፉ ልታሰር ብቻ ሳይሆን ልሞትም ተዘጋጅቻለሁ አለ። ሌሎቹም «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም አሉ። በእውነተኛ ትንቢት ፊት እንኳ ውሳኔው የጳውሎስ ነበር። እንግዲህ አንድ ወጣት ወደ አንዲት እኅት መጥቶ «ሚስቴ እንደሆንሽ ጌታ አሳይቶኛል» ሲላት ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። እምቢ ብትለው እግዚአብሔርን እምቢ ያለች ያደርጋታል። እሺ ብትለው ያገባችው እርሱን ሳይሆን ራእዩን ነው። ትንቢቱ ሲከሽፍ ነቢዩ ወደ ሌላ ጉባኤ ያልፋል፤ ትዳሩ ግን ከባለቤቶቹ ጋር ይቀራል።

ታዲያ እግዚአብሔር አይመራም ልል ነውን? ይመራል። መዝሙረኛው «በምትሄድበትም መንገድ እመራሃለሁ» የሚለውን ተስፋ ጽፎልናል፤ ይህን ጥቅስ የማያውቅ አማኝ ጥቂት ነው። ቀጥሎ የተጻፈው ግን እምብዛም አይጠቀስም፦ ልብ እንደሌላቸው እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ አትሁኑ ይላል፣ እነርሱ በልጓምና በለባብ ነውና የሚሳቡት። እመራሃለሁ ያለው አምላክ በዚያው ትንፋሽ እንድናስተውል ይፈልጋል። እኛ ደግሞ በየጸሎታችን «ልጓም አግባልኝ» እንላለን። ያዕቆብም ቢሆን ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን አለ እንጂ መልስ የጎደለው አላለም። ጥበብ የተሰጠው ሰው መወሰን አይቀርለትም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው በቅጡ የሚወስነው።

ከዚህም የሚገርመው የተሰጠን ነጻነት ስፋት ነው። ጳውሎስ ባልዋ ስለ ሞተባት ሴት ሲጽፍ፣ በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነጻነት አላት ይላል። «የወደደችውን!» ራእይ እስኪታያት ትጠብቅ አላለም። አንድ ወሰን አስምሮ በውስጡ ምርጫውን ለእርስዋ ተወላት። የእግዚአብሔር ፈቃድ በግልጽ የተነገረባቸው ስፍራዎች አሉ፤ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ተብሎ የተጻፈው ቅድስናን ይመለከታል። ጉቦ ልብላ ወይስ አልብላ ብሎ ሱባኤ መግባት አያስፈልግም። ሁለት ንጹሕ ሥራ ቀርቦለት ከሁለቱ አንዱ ብቻ በሰማይ የተጻፈለት መስሎት የሚጨነቅ ሰው ግን ማንም ያልጫነበትን ሸክም ተሸክሟል።

በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ስለ አሕዛብ ሲወስኑ ብዙ ክርክር እንደ ነበር ሉቃስ አልደበቀም። ጴጥሮስ ያየውን ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ የሆነውን ተረኩ፣ ያዕቆብ መጽሐፍ ጠቅሶ ፍርዱን ሰጠ። በደብዳቤያቸው ግን ውሳኔው የመንፈስ ቅዱስና የእኛ ነው ብለው ጻፉ። ክርክሩ ራሱ የምሪቱ መንገድ ነበር። እኛ ዘንድ ግን «ጌታ ነግሮኛል» የሚለው ቃል ጭውውቱን የሚዘጋ መቀርቀሪያ ሆኗል፤ ሽማግሌም፣ የነፍስ አባትም፣ ሚስትም ከዚያ በኋላ አፍ የላቸውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የምሪት ጸሎት በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ መልሱ እንቢታ ቢሆን ልቀበል ዝግጁ ነኝ? ካልሆንሁ አስቀድሜ ወስኛለሁ ማለት ነው፤ ቢያንስ ይህን ለእግዚአብሔር በግልጽ መንገር ከዮሐናን ልመና ይሻላል። ከዚያ የሚቀረው ብዙም ምሥጢር የለውም። መረጃ መሰብሰብ፣ ሒሳብ ማስላት፣ ከውሳኔዬ የማይጠቀምና የማይጎዳ ሰው ማማከር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ የካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር መሥራች የሎዮላው ኢግናጥዮስ የሰጠው ምክር እስካሁን አላረጀም፦ ከዚህ በፊት አይተኸው የማታውቅ ሰው ይህንኑ ጉዳይ ይዞልህ ቢመጣ ምን ትመክረዋለህ? ያንኑ አንተ አድርገው። መንፈስህ በተጨፈገገበት ሰዓትም ቀድሞ በደኅና ቀን የወሰንኸውን አትለውጥ ብሏል።

ከውሳኔ በኋላ የሚመጣውን ችግር የስሕተት ማስረጃ ማድረግም ሌላው ልማዳችን ነው። ጳውሎስ «ወደ መቄዶንያ ተሻገር» የሚል ራእይ አይቶ ከሲላስ ጋር ፊልጵስዩስ ሲደርስ ሁለቱም ተገርፈው እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ምሪቱ የተሳሳተ መስሏቸው ቢሆን ኖሮ የወኅኒው ጠባቂ ሳይጠመቅ በቀረ ነበር።

በእውነት የተሳሳተውስ? ሳይጠይቅ የወሰነው፣ ቸኩሎ የፈረመው፣ «ያንጊዜ ብጸልይ ኖሮ» እያለ ለዓመታት ራሱን የሚበላው? ኢያሱና የእስራኤል አለቆች የገባዖንን ሰዎች ሻጋታ እንጀራና ያረጀ ጫማ አይተው፣ እግዚአብሔርን ሳይጠይቁ ቃል ኪዳን ገቡ። ከ3 ቀን በኋላ መታለላቸውን አወቁ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አለቆቹ ግን በእግዚአብሔር ስም ምለናልና አንነካቸውም አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ብዙም ሳይቆይ አምስት የአሞራውያን ነገሥታት በገባዖን ላይ ተነሡና የገባዖን ሰዎች ድረሱልን ብለው ወደ ኢያሱ ላኩ። እግዚአብሔር ኢያሱን «ሳትጠይቀኝ የገባህበት ውል ነው፣ ራስህ ተወጣው» አላለውም፤ «አትፍራቸው» አለው። ፀሐይ በገባዖን ላይ የቆመችበት ያ ቀን፣ ሳይጠየቅ የተደረገውን ያንን ቃል ኪዳን ለመጠበቅ የተዋጉበት ቀን ነው።