ብስክሌታችንን ስናሳይ ልኩንም እንናገር

እሑድ ማለዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ አልቆ ምእመናኑ ወደየቤታቸው በሚመለሱበት ሰዓት፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ባለ አንድ የዋርካ ጥላ ሥር የኮርስ ብስክሌት፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት፣ ያላቸው ሰዎች ይሰባሰባሉ። ማኅበር አልመሠረቱም፤ ሊቀመንበርም መዋጮም የላቸውም። ሁሉም ብስክሌቱን ከግንቡ አስደግፎ ያቆምና የሌላውን ለማየት ይዞራል። አንዱ ክብደቱን ለመገመት በአንድ እጁ ከመሬት ብድግ ያደርገዋል፤ ሌላው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከረ የማርሹን ድምፅ ያዳምጣል፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ቸርኬው ሲዞር ይወዛወዝ እንደሆነ በዓይኑ ይለካል። እኔም በእነዚህ ሰዎች መካከል መገኘት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ ከሳምንቱ ሁሉ የምናፍቀው ሰዓት ይህ ነው።

ያን መሰባሰብ ስለምወደው የጎደለውን አንድ ነገር ደፍሬ ልናገር። ብስክሌታችንን እናሳያለን እንጂ ስለ ብስክሌታችን አንናገርም። ቀለሙ ይደነቃል፣ የፋብሪካው ስም ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል፤ «ከየት አገኘኸው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን መልሱ «ከአንድ ሰው ነው» የሚል ይሆንና ወሬው እዚያው ይቆማል። የጎማው ልክ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ዕቃ ገጥሞለት የትኛው እንዳልገጠመለት፣ የቱ ጋ ተሰንጥቆ እንደተበየደ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ብርቅ ነው። ይህ ዝምታ ደግሞ እንደ እኛ ባለ ከተማ ውድ ዋጋ ያስከፍላል። አብዛኛው የኮርስ ብስክሌታችን ያገለገለ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ ወይም ውድድር ካቆመ ስፖርተኛ እጅ ለእጅ ተቀባብሎ የመጣ ነው። ከነመመሪያ መጽሐፉ የደረሰን የለም፤ መመሪያው ያለው በቀድሞውና በአሁኑ ባለቤት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ኮርሴን ስገዛ የኋላው ጎማ እስከ ክሩ ድረስ ተበልቶ ነበር። ሻጩ «ጎማው 28 ነው» ስላለኝ ገበያ ወርጄ 28 የሚል ጎማ ጠየቅሁ፤ የተሰጠኝም በከተማችን ለብዙ ዘመን የኖረው የቻይናው ፊኒክስ ብስክሌት የሚጠቀምበት ጎማ ነበር። ጎሚስታው የብስክሌቱን የኋላ እግር አውርዶ ጎማውን ሲገጥምልኝ ብረት እንኳ አላስፈለገውም፤ በእጁ ብቻ ገባለት። ያን ጊዜ ሁለታችንም መጠርጠር ነበረብን። ነፋሱ እየተሞላ ሲሄድ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ተንሸራትቶ ወጣ፣ የውስጡም ጎማ ፈነዳ። በአንድ ቀን ሁለት ጎማ ከሰርኩ፤ ጎሚስታው ግን በዕድሜው ሙሉ ሲሠራበት በኖረው ቁጥር ስለሠራ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አልጥልም።

ጥፋቱ የቁጥሩ ነው። 28 የሚባለው ከጎማው የውጭ ዲያሜትር በግምት የወጣ የቆየ አጠራር ሲሆን፣ ወሳኙ ግን ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ይህ በፊኒክስ 635 ሚሊ ሜትር፣ በዛሬው ኮርስ 622 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው 13 ሚሊ ሜትር በዓይን የማይለይ ቢመስልም ጎማውን ለማፈንዳት በቂ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ 27 ተብሎ የሚጠራው የድሮ ኮርስ ጎማ ነው፤ የእርሱ ልክ 630 ስለሆነ በስሙ ያነሰው በልኩ ይበልጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በጎማው ጎን ላይ 25-622 ወይም 40-635 የሚል ጽሑፍ በትንሹ ተቀርጾ ይገኛል፤ የፊተኛው ቁጥር ስፋቱን፣ የኋለኛው መቀመጫ ልኩን ያመለክታል። ይህችን አንዲት መስመር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ገንዘቤም ቀኔም አይባክንም ነበር።

የሆነውን ነገር ከወር በኋላ በዋርካው ሥር ስተርክ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሰው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው «እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ሆኜ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። እኚህ ሰው ለጋስ ናቸው፤ መፍቻቸውን ከእጃቸው ያልተዋሰ የለም። ያጡት የመናገሪያ ልማድ ነበር። በየሳምንቱ ብስክሌታቸውን አቁመው እኛም ስናደንቅላቸው ቆየን፤ ከብስክሌቱ ይልቅ ይጠቅመን የነበረው ግን በሁለት ጎማ ዋጋ የተማሩት ነገር ነበር።

ከጎማም በላይ የሚያስከፍል አለ። በቡድናችን ያለ አንድ ወጣት በጣሊያን የተሠራ የቆየ የብረት ፍሬም ነበረው፤ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ብየዳው ንጹሕ፣ ሁላችንም የተመኘነው። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት የመሃሉ ኩሽኔታ ስለጮኸ ለማስቀየር ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች በካቴናው በኩል ያለው የኩሽኔታ ክዳን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው፤ በጣሊያን ልክ በተሠሩት ግን ሁለቱም ወገን እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታሉ። ጠጋኙ በለመደው አቅጣጫ አዞረ፤ አልፈታ ሲለው መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ጨምሮ ታገለው። እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቀው የፍሬሙ ጥርስ ተላጠ። መፍቻ ከመያዙ በፊት ኩሽኔታው የሚገባበትን የመሃል ቱቦ ስፋት በማስመሪያ ቢለካ ኖሮ ነገሩ በገባው ነበር፤ የጣሊያኑ ብዙውን ጊዜ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእንግሊዙ 68 ነው። ከእኛ መካከል ሁለት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ያንን ሰማያዊ ብስክሌት ብዙ እሑድ አገላብጠው አይተውታል፤ ባለቤቱን «ይህ ጣሊያን ነው፣ ስታስፈታው ተጠንቀቅ» ያለው ግን አልነበረም። ያ ፍሬም ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ልማዱ ቢኖር ምን ሊሆን እንደሚችል ያየነውም ነገር አለ። የኮርስ ጎማ ቫልቭ ቀጭን ስለሆነ የጎሚስታ ቱቦ አይይዘውም። አንዳንዶቻችን ለመኪናው ዓይነት ወፍራም ቫልቭ እንዲመች የቸርኬውን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ እናሰፋ ነበር፤ ጠባብ ቸርኬ ደግሞ ሲሰፋ ይዳከማል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የተመለሰ ጓደኛችን በቀጭኑ ቫልቭ ላይ የምትጠመዘዝ፣ የጣት ጥፍር የምታህል የነሐስ መቀየሪያ አምጥቶ ለሁላችንም አሳየ፤ ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ በስንት እንደገዛም ነገረን። ከዚያ ወዲህ በቡድናችን ቸርኬ የሰረሰረ የለም። ያን ዕለት የፈጀው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ስለ ቁመትና ልክም እንዲሁ ነው። ጨዋታችን ሁልጊዜ ወደ ታላላቆቹ ይሄዳል፤ በ1949 ዓ.ም. አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት የተወዳደረው ገረመው ደንቦባ፣ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ፣ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ይነሣሉ። ብስክሌቶቻቸውም ይወራሉ። በዚያ ደረጃ ያለ ነጂ የኮርቻው ከፍታና የመሪው ርቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በቡድኑ መካኒኮች ዘንድ እንደሚያዝ ግን አናነሣም። እኛ ዘንድ 58 ቁጥር ፍሬም የደረሰው አጭር ልጅ አንገቱንና ጉልበቱን እያመመው ዓመት ሙሉ ይነዳል፤ ብስክሌቱን ግን ሁሉም ያደንቅለታል። ብዙ ነጂዎች የሚጀምሩበት ልኬት አለ፤ በባዶ እግር ቆሞ ከመሬት እስከ ብሽሽት ያለውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ለክቶ በ0.883 ማባዛት። ቁመቱ 84 ከሆነ 74 ይመጣል፤ ይህም ከመሃሉ ኩሽኔታ እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረው ርቀት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ከፍ ዝቅ ማድረግ የነጂው ፋንታ ነው። ያን ልጅ አንድ እሑድ ለክተን ኮርቻውን ሦስት ሴንቲ ሜትር አወረድንለት። ፍሬሙ ዛሬም ሰፊ ነው፤ የጉልበቱ ሕመም ግን ቀለለት።

እንዲህ ስል የሚቃወሙኝ አሉ፤ የሚሉትም ከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ፍርሃት ሌባ ነው፤ ዋጋውንና ዓይነቱን በይፋ የተናገረ ሰው ብስክሌቱን ለዓይን አጋልጧል ይላሉ። ብስክሌት የተሰረቀበት ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁና ይህን አላቃልልም። ይሁን እንጂ ብስክሌቱ የት እንደሚያድር መናገርና ጎማው 622 መሆኑን መናገር አንድ አይደለም። እንዲያውም ከሌባ ከሚያድኑን ነገሮች ዋነኛው እርስ በርስ መተዋወቃችን ነው። በአብዛኛው ፍሬም ላይ፣ ከመሃሉ ኩሽኔታ ሥር፣ የተመታ ቁጥር አለ። ባለቤቱ ያንን ቁጥር ጽፎና ፎቶ አንሥቶ ከያዘ፣ ጓደኞቹም ብስክሌቱን በጭረቱና በብየዳው ጭምር የሚያውቁት ከሆነ፣ የተሰረቀውን ቀለም ቀብቶ መሸጥ ይከብዳል። ማንም የማያውቀው ብስክሌት ከጠፋ ግን ማን ይመሰክርለታል?

ሁለተኛውን ሥጋት በግልጽ የሚናገሩት ጥቂቶች ቢሆኑም ብዙዎች የሚያስቡት ይመስለኛል። ጉድለቱን የተናገሩለት ብስክሌት ለመሸጥ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። እውነት ነው፣ ይወርዳል፤ መውረድም ይገባዋል። ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ለጎረቤቱ ነው፤ የሹካ ስንጥቅ ደግሞ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። አባቶች «ተደብቀው ይፀንሷል፣ ሰው ሰብስበው ይወልዷል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ብረት ከሆነ ጎበዝ ባለሙያ ይበይደዋል፤ ካርቦን ከሆነ ግን በየመንደሩ የሚጠገን አይደለምና ገዢው ማወቅ ያለበት ከመክፈሉ በፊት ነው።

ባሕር ዳር ብስክሌትን እንደ ብርቅ የምታይ ከተማ አይደለችም። ሜዳማነቷ ለተማሪውም ለሠራተኛውም ሳይክልን የዕለት መጓጓዣ አድርጎ ኖሯል፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይም የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። ከከተማ ርቆ መንዳት እንደ ቀድሞው በማይቀልበት በዚህ ጊዜ፣ ወደ መራዊ ወይም ወደ ሐሙሲት ረጅም መንገድ መውጣት ያማረው ሁሉ በከተማው ውስጥ ይመላለሳል፤ ስለዚህ ከወትሮው ይልቅ እንገናኛለን። በዋርካው ሥር ፊኒክስና ማውንቴን ይዘው የሚቆሙት ሰዎች «የእኔ ምኑ ይታያል» ብለው ወደ ኋላ ሲሉ ግን ቅር ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ፊኒክስ የነዳ ሰው ስለ ኩሽኔታ ቅባትና ስለ ቸርኬ ማቅናት የሚያውቀውን ከእኛ መካከል የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፤ እሑድ እሑድ ከመካከላችን አንድ ሰው ብስክሌቱን መሃል ላይ ያቁም፣ ልኩን፣ የተቀየረለትን ዕቃ፣ የተሰበረበትንና የጎደለውን ይናገር፤ ሌላው ይጠይቅ፣ የሚጽፍም ይጻፍ። እኔ ልጀምር። ፍሬሜ ብረት ነው፣ ቁጥሩ 54፣ የመሃል ቱቦው 68 ሚሊ ሜትር። ጎማዬ 25-622 ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሞክሬ ከኋላው ፍሬን ጋር ተፋጨብኝ። የቀኙ የኋላ ሹካ ከመጋጠሚያው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ተበይዷል፤ ስገዛው አልተነገረኝም፣ ከቀለሙ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ። የኋላው ማርሽ በጥርስ የሚጠመዘዝ ባለ 7 ሲሆን ትልቁ 24 ጥርስ ብቻ ስላለው የቤዛዊትን ኮረብታ ስወጣ ጉልበቴን ይፈትነኛል። 28 ጥርስ ያለው፣ ቢያገለግልም ያልተበላ፣ ያላችሁ ካላችሁ በሚመጣው እሑድ ይዛችሁልኝ ኑ፤ በምትኩ ሁለት አዲስ 622 የውስጥ ጎማዎች አሉኝ።