ሞኒተሩ ከፍ ይበል

እኛ ቴሌቪዥን እናከብራለን። ገዝተን ስንገባ መጀመሪያ የምናስበው የት እንደምንሰቅለው ነው። የት ይሰቀላል? ኮርኒሱ ሥር ነዋ። ካፌ ግቡ፣ ባንክ ወረፋ ጠብቁ፣ ፀጉር ቤት ተቀመጡ፤ ስክሪኑ ከጣራው ጋር ተቃቅፎ ታገኙታላችሁ። የተከበረ ነገር ከፍ ይላል። አንገቴን አመመኝ የሚል ሰው ክብር ያልገባው ነው።

ይሄ ልማዳችን ቀዶ ጥገና ክፍል ድረስ መግባቱን ስሰማ ታዲያ ደስ አለኝ።

አንድ ወዳጄ ቀዶ ሐኪም ነው። በላፓሮስኮፒ ሐሞት ከረጢት ያወጣል። ሆድ በረጅሙ አይከፈትም። በእምብርት በኩል ካሜራ ይገባል፣ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ረጃጅም መሣሪያዎች ይሰደዳሉ። ሐኪሙ የሚያየው እጁን አይደለም፣ ሞኒተሩን ነው። ሞኒተሩ ደግሞ ከማደንዘዣው ማሽን ኋላ፣ ማማ ላይ ወጥቷል። «ጨረቃ እንደሚፈልግ ሰው አንጋጥጬ ነው የምሠራው» አለኝ።

ምን ችግር አለው? ኳስ እያየን ሽሮ የምንበላ ሕዝብ ነን። ዓይን ጣራ ላይ፣ እጅ ትሪ ላይ፤ አፋችንን ስተን አናውቅም። ይሄን ስነግረው «እሱማ ራስህ ስትጎርስ ነው» አለኝ። «እስቲ ኳሱን እያየህ ሰው አጉርስ።» ሞከርኩ። ባለቤቴ ጆሮዋን ስታጥብ አመሸች።

መሣሪያውም አመለኛ ነው። መሐሉን ሆድ ላይ ያለው ቀዳዳ ስለያዘው እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። እጅ ከፍ ሲል ጫፉ ዝቅ ይላል። ምስሉ ጠፍጣፋ ነውና የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ መገመት ነው። የሐኪሙ ጭንቅላት ይሄን ሁሉ ሲገለብጥ ይውላል። ታዲያ ሞኒተሩን ወደ ጎን ገፍተን፣ አንገቱን አጣመን፣ አንድ ሒሳብ ብንጨምርለት ምን ይጎዳል? የማይሠራ ጭንቅላት ይዝጋል።

ድሮ የባሰ ነበር አሉ። ሐኪሙ ቱቦው ላይ ተደፍቶ በአንድ ዓይኑ ያያል፤ የቀሩት ቆመው የእሱን ፊት ያነባሉ። ካሜራና ስክሪን መጡና ሁሉም እኩል አየ። የጎበጠው ሐኪም ቀና አለ። እኛ ደግሞ እድገት ስለምንወድ ትንሽ አሳለፍነውና ወደ ኋላ ለመጥነው።

ተመራማሪ ግን ነገር ማካበድ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ፣ ሐና፣ ሺሚ እና ኩሺየሪ የተባሉ ሐኪሞች ሞኒተሩን አንዴ ፊት ለፊት፣ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ በዓይን፣ አንዴ በእጅ ቁመት ላይ እያደረጉ ቀዶ ሐኪሞችን ክር አስቋጠሩ። ሞኒተሩ ፊት ለፊት፣ እጅ ያለበት ቁመት ላይ ሲሆን ሥራው ፈጠነ፣ ቋጠሮውም አማረ። ዓይንም እጅም ወደ አንድ አቅጣጫ ማለት ነው። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታየው ሽንኩርቱን ነው። እሷ ግን ጥናት አላሳተመችም።

ረዳቱንማ ተዉት። ከሐኪሙ ማዶ ይቆማል። ሞኒተሩ አንድ ብቻ ከሆነ የሚገኘው ከጀርባው ነው። ምስኪኑ ሬዚደንት፣ ማለትም ገና ቀዶ ጥገና እየተማረ ያለው ሐኪም፣ ካሜራውን ይዞ፣ ወደ ኋላ እያየ ወደ ፊት ይሠራል። «ወደ ግራ!» ይባላል። የማን ግራ? ትንሽ ያስብና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይሰደባል። ሐኪሙ ሲዘገይ እጁ ይታማል፣ ረዳቱ ሲሳሳት ትምህርቱ ይታማል። ስክሪኑ ግን አንድም ቀን ታምቶ አያውቅም። ከፍ ያለን ማን ይደርስበታል?

ወዳጄ አንድ ቀን ደፈር ብሎ «ለምን ዝቅ አናደርገውም?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ሲመጣም እንዲህ ነው» አለ። ሌላው «እስካሁን ማን ሞተ?» አለ። የመሣሪያ ጥገናው ሰውዬ ግን ጨዋ ነው፤ መጥቶ፣ አይቶ፣ ለክቶ፣ «ገመዱ አይደርስም» አለ። በዚህ አገር ስንት ነገር ገመዱ ባለመድረሱ ቆሟል መሰላችሁ። በዚያው ሳምንት ለተጠባባቂዎች ክፍል አዲስ ቴሌቪዥን መጣ። ለእሱ ገመድ ተገኘ። ኮርኒሱ ድረስ።

እኔ በበኩሌ የሰቃዩን አሳቢነት አደንቃለሁ። ሞኒተሩ ያለበትን ቦታ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ለአንድ ሰው በጣም ይመቻል። እሱ አንገቱን ማጣመም አያስፈልገውም። በጀርባው ተዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ጣራው አድርጎ ተኝቷል። ዓይኑ ብቻ በፕላስተር ተለጥፏል።