ለአንድ ማታ ብቻ የተጠራው ጊታሪስት

በፈረንጆቹ 1952 የመጨረሻዋ ማታ ላይ ጆኒ ጆንሰን የሚባል ፒያኒስት ጨነቀው። «ሰር ጆን ትሪዮ» የሚባል የሦስት ሰው ባንድ ነበረው። ራሱ ፒያኖ፣ ኢቢ ሃርዲ ድራም፣ አልቪን ቤኔት ሳክስፎን። አሜሪካ፣ ኢስት ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ኮስሞፖሊታን ክለብ ነበር የሚሠሩት። ሳክስፎኒስቱ ታዲያ ስትሮክ መታውና ተኛ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ደግሞ ሥራ ፈት ሙዚቀኛ በሻማ ተፈልጎ የማይገኝበት ማታ ነው። ጆንሰን ቢያስብ ቢያስብ አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለው፤ ብዙም ስም የሌለው፣ ያን ቀን ማንም ያልያዘው ጊታሪስት። ደውሎ ጠራው። ለአንድ ማታ ብቻ።

ጊታሪስቱ ቸክ ቤሪ ነበር፣ የኋላው የሮክ ኤንድ ሮል ኮከብ።

ቤሪ ሕዝቡን አስጨፈረ፣ አሳቀ፣ ቤቱ ሞላ። ከዚያ ማታ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ጠፋ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ባንዱ የቸክ ቤሪ ባንድ ሆነ፣ የባንዱ ባለቤት ደግሞ የቸክ ቤሪ ፒያኒስት።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁለት ጎራ ናቸው። አንዱ «ጆንሰን አጃቢ ነበር፣ ደሞዙን ወሰደ፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «ቤሪ ዘረፈው» ይላል። ለኔ ሁለቱም አይዋጥልኝም።

በመጀመሪያ ባንዱን ማንም አልቀማውም። መኪና የነበረው ቤሪ ነው። ሥራ የሚያፈላልገው፣ ከክለብ ባለቤት ጋር የሚከራከረው፣ ቺካጎ ድረስ ሄዶ የሸክላ አሳታሚውን የቼስ ሪከርድስን በር ያንኳኳው እሱ ነው። ጆንሰን ዝምተኛ ሰው ነበር። በ1924 ዌስት ቨርጂኒያ ፌርሞንት ተወለደ፣ ገና በሕፃንነቱ ፒያኖ ላይ ቁጭ አለ፣ በጆሮው ተማረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማሪን ሆኖ አገለገለ፣ እዚያም ባንድ ውስጥ ተጫወተ። ከዚያ ዲትሮይት፣ ቺካጎ፣ መጨረሻ ላይ ሴንት ሉዊስ። ፒያኖ ይስጡት እንጂ ስለ ውልና ስለ ብር መነታረክ የሱ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መሪነቱን ለቤሪ ሲለቅ ወዶ ነው የለቀቀው። እኔም ብሆን መኪና ላለው ሰው እለቅ ነበር።

ባንድ መምራት አንድ ነገር ነው፣ የዘፈን ባለቤትነት ግን ሌላ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ግንቦት 1955 ቺካጎ ውስጥ ቀረጻ ገቡ። ቤሪ ይዞት የሄደው «አይዳ ሬድ» በሚባል የቆየ የገጠር ዘፈን ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ስሙ ተቀይሮ «ሜይበሊን» ሆነ። ከሸክላው ጀርባ የገባው «ዊ ዊ አወርስ» ደግሞ ጆንሰን ከዚያ በፊት በፒያኖ ሲጫወተው የኖረ ብሉዝ ነው። ቤሪ ግጥም ጣል አደረገበት። ሸክላው ሲወጣ የዚህኛው ደራሲ ማን ተባለ? ቸክ ቤሪ። ብቻውን።

የ«ሜይበሊን» ግን ይብሳል። ከቤሪ ስም አጠገብ ሁለት ሰዎች በደራሲነት ተመዘገቡ። አንደኛው አለን ፍሪድ፣ ዘፈኑን በሬዲዮ የሚያጫውት ዲጄ። ሁለተኛው ረስ ፍራቶ፣ ለኩባንያው ባለቤቶች ገንዘብ ያበድር የነበረ ነጋዴ። አንዲት ኖታ እንኳ አልመቱም። ቤሪ ይህን ያወቀው በኋላ ነው፣ ስማቸውን አስፍቆ ሙሉ መብቱን እስኪያስመልስም ሦስት አሥርት ዓመት ፈጀበት። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ያልሠራ ሰው ስም ሥራህ ላይ ሲለጠፍ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከቤሪ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሠራ ሰው ስም ሲቀር ግን አልታየውም። ወይም አይቶ ዝም አለ።

የካሴት ዘመን ሰው የሆንን እኛ ይህን ጉዳይ ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገንም። ሽፋኑን ስንገለብጥ የምናየው ምንድነው? ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሦስት መስመር፣ አንዳንዴ ሦስት ሰው። በዚህ መለኪያ ካየነው ግጥሙ የቤሪ ነው፣ በዚህ ላይ ጆንሰንም አልተከራከረም፤ ያን የመሰለ ግጥም ሌላ ማን ይጽፈው ነበር። ጆንሰን የሚለው፣ ቤሪ ግጥሙን ወረቀት ላይ ጽፎ ይመጣል፣ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን ሙዚቃውን ከፒያኖው ላይ እናወጣለን ነው። ቤሪ ደግሞ ዘፈኖቹን የሠራሁት እኔ ነኝ ባይ ነው።

ማንን እንመን? ጊታር የነካካ ሰው የሚቀጥለው ነገር ቶሎ ይገባዋል። ጊታሪስት ብቻውን ቁጭ ብሎ ዘፈን ሲሠራ እጁ ኢ ወይም ኤ ወደሚባሉት ኪዮች (ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚቆምበት መነሻ ድምፅ ነው) ነው የሚሄደው። ክሩን ሳትይዘው ራሱ የሚጮህበት ኪይ ስለሆነ ይመቻል። የቤሪ ዘፈኖች ግን ብዙዎቹ ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ላይ ናቸው። ለጊታር ጣት አስቸጋሪ፣ ለፒያኖና ለሳክስፎን ግን የለመዱት ሰፈር። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ ነው፣ በ1986 ለቤሪ 60ኛ ልደት የተዘጋጀውን ኮንሰርት ሲመራ። እርግጥ ኪይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሰው ባንድ ውስጥ የገባ ጊታሪስት የባንዱን ኪይ ይለምዳል። ግን ይህ መልመዱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፤ ማን ማን ቤት እንደገባ።

ሪቻርድስ ያኔ ጆንሰንን ከየት አገኘው መሰላችሁ? ሴንት ሉዊስ ውስጥ አረጋውያንን የሚያመላልስ አውቶቡስ እየነዳ። የኛው ግርማ በየነ፣ ያ ሁሉ ቅንብር ያለው ፒያኒስት፣ ዋሽንግተን ነዳጅ ማደያ ሲሠራ እንደኖረው ማለት ነው።

ከኮንሰርቱ በኋላ ጆንሰን ነፍስ ዘራ። በራሱ ስም አልበም አወጣ፣ ከእንግሊዛዊው ጊታሪስት ከኤሪክ ክላፕተን ጋር ተጫወተ። በ2001 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ውስጥ ገባ፣ የገባው ግን «አጃቢ» በሚለው ዘርፍ ነው። ሳክስፎኒስት ሲታመምበት ሰው የቀጠረው ሰውዬ፣ አጃቢ!

ከዚያ በፊት፣ በ2000፣ ቤሪን ከሶ ነበር። ከ50 በላይ ዘፈኖች ላይ የጋራ ደራሲ ነኝ አለ። መጠጥ ያጠቃው እንደነበርና ቤሪም በዚህ ተጠቅሞብኛል የሚል ነገር ክሱ ውስጥ አለ። በ2002 ዳኛው ፋይሉን ዘጋው። ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት ውሸቱን ነው አለ» ብሎ ያወራል። አላለም። ያለው ዘግይተሃል ነው። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ክስ ሦስት ዓመት ነው ያለው፣ እሱ የመጣው አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ዜማው የማን ነው የሚለውን ማንም ዳኛ ቁጭ ብሎ አላዳመጠም። ጆንሰን በ2005፣ ቤሪ በ2017 ሞቱ፤ ከእንግዲህም የሚያዳምጥ አይኖርም።

ቤሪ ምንም አልሰጠውም ማለት ግን አይቻልም። «ጆኒ ቢ ጉድ» የሚለው ስም ከጆንሰን እንደመጣ ራሱ ተናግሯል። ደስ ይላል። ችግሩ፣ የዘፈኑ ጆኒ ጊታሪስት ነው። ሸክላው ላይ ፒያኖ የመታውም ላፋየት ሊክ እንጂ ጆንሰን አይደለም። ስሙን ወሰደና ጊታር አስያዘው።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ጊዜ ካላችሁ «ዊ ዊ አወርስ»ን ክፈቱ። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል። የቤሪን ዘፈን ለጊዜው ተዉትና ከሥሩ ያለውን ፒያኖ ተከተሉ፤ ቤሪ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ጆንሰን ገብቶ መልስ ይሰጠዋል። ከዚያ ጊታሩን ፈልጉት። አለ፣ ከኋላ ሆኖ እያጀበ ነው።