«ስራሽን አሳዪኝ»

ባለፈው ሳምንት ማታ ልጄ ታብሌቷን ሶፋው ላይ ወርውራ አለቀሰች። 7ኛ ክፍል ናት። የቤት ስራዋ ኢንተርኔት ላይ የሚሰራ የቁጥር ልምምድ ነው። ነጥቧ ከ100 94 ደርሶ ነበር። አንድ ጥያቄ ሳተችና ወደ 86 ወረደ። አሁንም ሳተች፣ 78 ሆነ። 100 ካልሞላች ደግሞ የቤት ስራው እንደተሰራ አይቆጠርላትም። ከአንድ ሰዓት በላይ የለፋችበት ነገር ዓይኗ እያየ ቁልቁል ሄደ።

የሳተችው ጥያቄ −3² ስንት ነው የሚል ነው። 9 ብላ መለሰች፣ ቀይ ምልክት ወጣ። ቀጥሎ የመጣው (−3)² ነው። በቅድሙ ደንግጣ −9 አለች። ይኸውም ቀይ። የመጀመሪያው ላይ ስኩዌሩ የሚነካው 3ን ብቻ ነው፤ የመቀነስ ምልክቷ ውጭ ስለቆመች መልሱ −9 ይሆናል። ሁለተኛው ላይ ቅንፉ ምልክቷንም አብሮ ይዟታል፤ −3 በ−3 ሲባዛ 9 ነው። ልዩነቱ አንድ ቅንፍ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ወረቀት ላይ የሚያሳያት ሰው ቢኖር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ፕሮግራሙ ማብራሪያ የለውም አልልም። አለው፣ ጥሩም ነው። ግን ነጥቡ ሲወርድበት ያየ ልጅ ማብራሪያ ያነባል? «ቀጣይ» የሚለውን ነው የሚጫነው። እኔም እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። ታብሌቷን ይዛ ዝም ስላለች እየተማረች መስሎኝ ነበር። ይሄ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

አገር ቤት ስንማር መምህሩ ጠመኔውን ይሰጡንና «ውጣና ስራው» ይሉን ነበር። እግራችን እየተንቀጠቀጠ እንሰራለን። ስንሳሳት ግን እስከ መልሱ አይጠብቁንም። የተሳሳትንባት መስመር ላይ ያስቆሙናል። «እዚህች ጋ ምን አደረግክ?» ደብተር ላይም መልሱ ልክ ሆኖ ስራው ካልታየ ማርክ የለም። «ከየት መጣ?» ነው ጥያቄው። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ልጄ ስታለቅስ ሳይ ነው ትርጉሙ የገባኝ።

ልጄ የምትሰራበት ፕሮግራም የሚያየው የመጨረሻዋን መልስ ብቻ ነው። አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 ሲባል ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላል። ሌላው የጋራ ታህቱ 6 መሆኑን አውቆ፣ 3/6 እና 2/6 ብሎ በትክክል ቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ ተቻኩሎ 4/6 ይጽፋል። የመጀመሪያው ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። ሁለተኛው ገብቶታል፣ እጁ ነው የሸወደው። አስተማሪ ሁለቱን በአንድ ዓይን አያይም። እዚህ ግን ሁለቱም ስምንት ነጥብ ያጣሉ።

ሌላም የታዘብኩት ነገር አለ። ጥያቄዎቹ በአንድ ዓይነት ተደርድረው ነው የሚመጡት። ዛሬ ትንሹ የጋራ ብዜት ከሆነ ሃያውም ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ማሰብ ታቆማለች፣ እጇ ብቻ ይሰራል። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ከትልቁ የጋራ አካፋይ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣባት የትኛውን መቼ እንደምትጠቀም ይጠፋታል። ሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚሰራ ዳግ ሮረር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አጥንቷል። ቆየት ብሎ በተሰጠ ፈተና፣ ጥያቄ ተደባልቆ የተሰጣቸው ልጆች በአንድ ዓይነት ከተለማመዱት በልጠው ተገኝተዋል። ፈተና ላይ እኮ ማንም «ይሄ የብዜት ጥያቄ ነው» ብሎ አይነግራትም። ዘዴውን ራሷ መምረጥ አለባት።

ወንድሜ አገር ቤት የሂሳብ መምህር ነው። በማግስቱ ደወልኩለትና አገናኘኋቸው።

«በይ ስራሽን አሳዪኝ» አላት።

ዝም አለች። የምታሳየው ነገር የላትም። የሁለት ወር ልምምድ ሰርታ አንድ ገጽ ወረቀት የላትም። ሁሉም በጭንቅላቷና በጣቷ ነው ያለፈው።

ወረቀት አምጥታ ስልኩ ፊት እንድትሰራ አደረጋት። 5 − (−3) ሰጣት። 2 አለች። «ከማን ነው የተበደርሽው?» ብሎ ጀመረላት። 5 አለሽ፤ የ3 ዕዳ ተሰረዘልሽ፤ አሁን ተሻለሽ ወይስ ባሰብሽ? ትንሽ አሰበችና «8!» ብላ ጮኸች። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታም እ.ኤ.አ. በ628 የአሉታዊ ቁጥሮችን ሕግ ሲጽፍ ሀብትና ዕዳ ብሎ ነው የጻፈው። ዕዳ ከዜሮ ላይ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ይላል። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ለአንድ የ12 ዓመት ልጅ የገባት በዚያው መንገድ ነው።

ልጄ ከሄደች በኋላ ለወንድሜ ማማረሬን ቀጠልኩ። ይደግፈኛል ብዬ ነበር። አልደገፈኝም።

«አንተ ቀልድ ይዘሃል» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ በላይ ተማሪ አለው። ደብተር ሰብስቦ አርሞ እስኪመልስ ሳምንት ያልፋል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ልጁ የተሳሳተውን ደጋግሞ ሰርቶ ስህተቱን ይለምደዋል። ሰሌዳ ላይ የሚወጡትም በቀን ሦስት አራት ልጆች ናቸው። ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። «ያንተ ልጅ መሳሳቷን በዚያችው ሰከንድ ታውቃለች። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ባገኝ ምን እሆን ነበር!»

አፌን ዘጋኝ። እውነቱን ነው። እኛ ሰሌዳ ላይ ስንወጣ ከኋላ ቁጭ ብሎ ማንም ሳያየው ዓመቱን የጨረሰ ስንት ልጅ ነበር። እነሱን ረስቼ ነው የድሮውን ሳሞግስ የነበረው።

በኢንተርኔት በነጻ የሚያስተምረው የካን አካዳሚ ታሪክም ትዝ አለኝ። ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 መለኪያ መቀየር ያስቸገራትን፣ ሩቅ ከተማ የምትኖር ዘመዱን በስልክና በኢንተርኔት ማስጠናት ጀመረ። ድርጅቱ የተቋቋመው በ2008 ነው። ከቪዲዮውም ከልምምዱም በፊት አንዲት ልጅ ነበረች፣ የት ጋ እንደጠፋባት የሚሰማት ሰውም ነበራት። እኔ ያጎደልኩባት ይህንን ሰው ነው።

አሁን ታብሌቷ አጠገብ ደብተር አለ። የሳተችውን ጥያቄ ሁሉ መስመር በመስመር ትጽፈዋለች፣ ቅዳሜ ፎቶ አንስታ ለአጎቷ ትልካለች። ለአስተማሪዋም ነጥቡን ትተው ደብተሩን እንዲያዩላት ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ነው።

ትናንት ወንድሜ ፎቶ ላከ። የክፍሉ ሰሌዳ ነው። ልጄ የሳተቻቸውን አስር ጥያቄዎች ደባልቆ በጠመኔ ጽፏቸዋል። ከላይ −3² አለ፣ ከስሩ (−3)²። ልጄ ፎቶውን በጣቶቿ አስፍታ ቆየችበት። «አባዬ፣ እነሱም ይሳሳቱ ይሆን?» አለችኝ። ደውላ አጎቷን ጠየቀችው። ከግማሽ በላይ ክፍሉ 9 ብሎ ነበር።