ትናንት ቢመጡ ኖሮ

ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ጅማ ዳር ያለው የቦዬ ረግረግ ደረስኩ። ከአጂፕ ሰፈር እስከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። የክረምቱ ውሃ ገና አልጎደለም፤ ጫማዬ እስከ ማሰሪያው ጭቃ ውስጥ ገብቷል። መስከረም ነው፤ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች ወደ እኛ የሚገቡበት ጊዜ። ዓይኔን አጥብቤ ሳሩን ስቃኝ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። ወፍ ነው የማየው።»

«ነጯን? እግሯ ቀይ፣ ረጅም? ኧረ ትናንት ቢመጡ ኖሮ! እዚህች ጋ ነበረች። እንደውም ሁለት ነበሩ!»

ሽመላ ማለቱ ነው። እኔም እንቅልፌን የገደልኩት ለሽመላ ነው። ግን ትናንት እዚህ ያደረች ሽመላ ዛሬ በአንድ ሰዓት የት ትሄዳለች? ሽመላ ክንፏን እያርገበገበች አገር አታቋርጥም። የሞቀ አየር ሽቅብ ሲወጣ እሱ ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትጓዘው። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው ቆማ ትጠብቃለች። ይህን ለልጁ አስረዳሁት። «እና ትናንት ቢመጡ ኖሮ ያይዋት ነበር» አለኝ።

ይህቺ አነጋገር ናት የምታንገበግበኝ። ጅማ ውስጥ ጥሩ ነገር ሁሉ ያለፈው ትናንት ነው። ሥጋ ቤት ብትገባ «የትናንቱን በሬ ብታየው!» ቡና ስትጠጣ «ይሄ ምን ቡና ነው፣ የአምናውን ነበር መቅመስ!» ሠርግ ብትጠራ ዋናው ጭፈራ ጥሎሽ ላይ ነበር። የሚገርመው እኮ በሐዘኔታ አይደለም የሚነግሩህ። ደስ እያላቸው ነው።

ቢሮማ አይነሳ። ባለፈው ዓመት ለአንዲት ማህተም ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ባለማህተሙ ሁልጊዜ «አሁን ወጣ» ነው። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ኮቱ ስላለ ሰውዬው አለ ማለት ነው፤ ቀሪ አይባልም። አንድ ቀን ኮቱን ለብሼ ማህተሙን ራሴ ልምታው ብዬ በእውነት አስቤ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ኮት ካልኩ ዘንድ የመስቀል ወፍን ጉዳይ ላንሳ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ግን ስም ማጥፋት ነው። የመስቀል ወፍ የምንላቸው አብዛኞቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ በዝናቡ ወራት ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ይለብሳል፤ ለሴቷ ሊታይ ነዋ። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥር ላይ አጥራችን ላይ ቁጭ ብሎ ፍሬ ሲለቅም ማን ዞር ብሎ አየው? የቢሮው ሰውዬ ኮቱ አለ፣ እሱ የለም። የመስቀል ወፍ እሱ አለ፣ ኮቱ የለም። የሚታማው ግን ወፉ ነው።

ፈረንጆቹም በዚህ ብዙ አይበልጡንም። የእኛ ሰው ልብስ የቀየረውን ወፍ አገር ጥሎ ሄደ አለ። አርስቶትል ደግሞ አገር ጥሎ የሄደውን ወፍ መልኩን ቀይሮ ሌላ ወፍ ሆነ አለ። ሐይቅ ግርጌ ገብቶ የብርዱን ወራት ይተኛል ያሉም ነበሩ። በፈረንጆቹ 1822 አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካ አንዲት ሽመላ ጀርመን ደረሰች። ያን ጊዜ ነገሩ ለብዙዎች ተገለጠ። ጦሩን ይዛ ያን ሁሉ መንገድ! አፍሪካዊው አዳኝ ወርውሮ ሲስታት ነው እንጂ ሲመታት ታሪክ ትሠራለች ብሎ መች አሰበ።

እውነተኛው የመስቀል ወፍ ጓደኛዬ ነው። አዲስ አበባ ይኖራል። በየዓመቱ ለመስቀል ይመጣል፣ ክትፎውን ይበላል፣ ይሄዳል። የዛሬ ሦስት ዓመት የሩቁን የሚያቀርበውን ባይኖኩላሬን «ለአንድ ሳምንት» ብሎ ወሰደ። ዓይኔን አጥብቤ የማየው ለምን ይመስላችኋል? ባለቤቴ «አንተ ራስህ ነህ የሰጠኸው» ትለኛለች። ይሄም ሌላ ንዴት ነው።

ወደ ቦዬ ልመለስ። ከላሞቹ እግር ሥር አንዲት ቢጫ ወፍ ጭራዋን እያወዛወዘች ከሰኮናው የሚነሳውን ዝንብ ታሳድዳለች። 20 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ልቤ ዘለለ።

«ይቺ መቼ መጣች?» አልኩት ልጁን።

«እሷ? እሷማ የእኛው ናት። ከከብቱ ጋር ነው የምትውለው።»

ባሕርና በረሃ አቋርጣ የመጣች እንግዳ እኮ ናት! ልነግረው አፌን ስከፍት ከብቶቹ ማሽላ ውስጥ ገቡበትና ሮጠ። እሷም በረረች። አናቷ ግራጫ ይሁን ጥቁር በደንብ ለማየት ባይኖኩላር ያስፈልግ ነበር።

እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜ ለጓደኛዬ ደወልኩለት።

«ዘንድሮ አልመጣም፣ ሥራ በዛብኝ» አለኝ።

«ባይኖኩላሩስ?»

«ውይ! ትናንት ብትደውል ኖሮ! ጅማ የሚመጣ ሰው ነበር እኮ።»